ከንፈርን ማቅላት፦ ያሉት አማራጮችና የሚያዋጣው ቅደም ተከተል

በሰሜን ኢትዮጵያ ሴቶች ድዳቸውን እየተወቀሩ በጥላሸት ያጠቁሩት ነበር፤ ድድ ሲጠቁር ጥርስ ነጥቶ ይታያልና። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ ለንደን ውስጥ ጆርጅ በርቼት የተባለው ስመ ጥር ነቃሽ የሴቶችን ከንፈርና ጉንጭ በቀለም ይነቅስ ነበር። አፍን በመርፌና በቀለም ማስዋብ የቆየ ነገር ነው ማለት ነው። የዛሬው ፍላጎት ግን ወደ አንድ በኩል አዘንብሏል፤ የጠቆረ ከንፈር እንዲቀላ። ለዚህም ክሬሙ፣ በአሲድ መላጡ፣ ሌዘሩና ንቅሳቱ ጎን ለጎን ይቀርባሉ።

ስማቸው ቢበዛም ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ከንፈር ውስጥ ያለውን ጥቁረት ይቀንሳል፤ ሌላው ከውጭ አዲስ ቀለም ይጨምራል። ሁለቱም ከመመረጣቸው በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ።

ከንፈር ለምን ይጠቁራል?

የከንፈር ቆዳ ከቀሪው የፊት ቆዳ እጅግ የሳሳ ነው። ቀልቶ የሚታየውም ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች በስሱ ቆዳ በኩል ስለሚታዩ ነው። ለቆዳ መልክ የሚሰጠው ሜላኒን ሲበዛ ይህን ቅላት ይሸፍነዋል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከንፈርም ሆነ ድድ መጥቆሩ ተፈጥሮ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ የማይለወጥ ጥቁረት ሕክምና አይሻም።

በኋላ የመጣ ጥቁረት ግን መነሻ አለው። ሲጋራ ከዋነኞቹ አንዱ ነው፤ ማጨስ ሲቆም ጥቁረቱ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ባለው ጊዜ እየሳሳ ይሄዳል። ከንፈርን ዘወትር መላስ፣ መንከስና ልጣጩን መላጥም ያጠቁራል። ሊፒስቲክ ወይም የጥርስ ሳሙና የማይስማማው ሰው ከንፈሩ መጀመሪያ ያሳክከዋል፣ ይላላጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ፀሐይ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ እንዲሁም እንደ ሚኖሳይክሊንና ክሎሮኪን ያሉ መድኃኒቶችም ከመነሻዎቹ መካከል ናቸው።

ችላ የማይባሉ ምልክቶችም አሉ። የከንፈርና የድድ ጥቁረት ከድካም፣ ከክብደት መቀነስና ከመዳፍ መስመሮች መጥቆር ጋር አብሮ ከመጣ አዲሰን የተባለው የአድሬናል ዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላል። በሕፃን ከንፈር ላይ የሚበተኑ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ፖይትስ ጄገርስ ከተባለው የአንጀት ሕመም ጋር ሊያያዙ ይችላሉ። እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚደማ ወይም ቅርጹ የተዛባ ነጠላ ጥቁር ምልክት ደግሞ ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ በሌዘርም ሆነ በቀለም መነካት የለበትም።

ጥቁረቱን የሚቀንሱ ዘዴዎች

የመጀመሪያዎቹ ክሬሞች ናቸው። አዜላይክ አሲድ፣ ኮጂክ አሲድና ቫይታሚን ሲ የሜላኒን መመረትን ያዳክማሉ፤ ውጤታቸው በወራት የሚለካ፣ መጠነኛም ነው። ሃይድሮኪኖን ከእነዚህ ይበረታል፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ኦክሮኖሲስ የሚባል፣ በቀላሉ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። አሜሪካም ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አድርጋለች (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከንፈር ላይ የተቀባ ነገር ከምግብና ከመጠጥ ጋር ወደ ሆድ እንደሚገባም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ይዘቱ ያልተጻፈበት ማቅያ ክሬም ከንፈር ላይ ባይደርስ ይሻላል፤ በእንዲህ ዓይነት ምርቶች ውስጥ ሜርኩሪና ጠንካራ ስቴሮይድ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል።

ሁለተኛው በአሲድ መላጥ ነው። ግላይኮሊክ አሲድና መሰሎቹ የላይኛውን ሽፋን ያነሳሉ። ስስ በሆነው ከንፈር ላይ ግን መጠኑ ትንሽ ካለፈ ያቃጥላሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቃጠሎው ሲድን ከበፊቱ የባሰ ጥቁረት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ሌዘር ነው። መሠረቱ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 ያሳተሙት ሐሳብ ነው፤ የብርሃኑ ዓይነትና የምቱ ርዝማኔ በትክክል ከተመረጠ ዙሪያውን ብዙ ሳይጎዱ ቀለም ያለበትን ክፍል ብቻ መምታት ይቻላል። ለከንፈር በብዛት የሚሠራበት ኪው ስዊችድ ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ሁለት የሞገድ ርዝመቶች አሉት። 532 ናኖሜትሩ በሜላኒን ላይ ይበረታል፤ 1064ቱ ጠልቆ የሚገባና ጥቁር ቆዳ የተሻለ የሚታገሠው ነው። ሥራው በሳምንታት ልዩነት በተደጋጋሚ ይከናወናል፤ መነሻው ካልተወገደ ጥቁረቱ ይመለሳል። የሠሪው እውቀት ከመሣሪያው እኩል ያስፈልጋል። የቆዳ ሐኪሞች በፊትዝፓትሪክ መለኪያ ቆዳን ከ1 እስከ 6 ይመድባሉ፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከ4 እስከ 6 ባሉት ውስጥ ይወድቃል። ለነጭ ቆዳ የተዘጋጀ የኃይል መጠን በእኛ ከንፈር ላይ ቢተኮስ ማጥቆርም ማንጣትም ይችላል።

ቀለም የሚጨምሩ ዘዴዎች

ሊፕ ብላሽ የሚባለው በቀጭን መርፌ ከንፈር ላይ ስስ ቀለም የመነቀስ ሥራ ነው። እብጠቱ በጥቂት ቀናት ይጎድላል፣ ቅርፊቱም በሳምንት ገደማ ይረግፋል። በመጀመሪያው ቀን ደምቆ የሚታየው ቀለም ከዳነ በኋላ በእጅጉ ይፈዛል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ማስተካከያ ይደረጋል። ከዚያ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል።

ይህ ዘዴ ተፈጥሮው ፈዘዝ ላለ ከንፈር የተስማማ ነው። በጠቆረ ከንፈር ላይ ቀጥታ ሮዝ ቀለም ቢነቀስ ከሥሩ ካለው ጥቁረት ጋር ተደባልቆ አመዳማ ወይም ሐምራዊ ይሆናል። ለዚህ ነው ለጠቆረ ከንፈር በቅድሚያ ማለዘቢያ የሚሠራው፤ ብርቱካናማ ቀለም ሰማያዊና ሐምራዊ ጥላውን ያደበዝዛል፣ የሚፈለገው ቀለም የሚከተለው በሌላ ቀጠሮ ነው። በአንድ ቀን ቀይ ከንፈር እሰጣለሁ የሚል ነቃሽ ይህን አላወቀም፣ ወይም አውቆ ደብቋል።

ንቅሳት የራሱ አደጋ አለው። ያልጸዳ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከንፈሩን ምች የሚያወጣበት ሰው ቫይረሱ በሰውነቱ ስላለ መርፌው ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ሐኪም አስቀድሞ መከላከያ መድኃኒት ያዛል። ቀለሙም የማይስማማው ሰው አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ውስጥ እንዲወጋ ያጸደቀው አንድም ቀለም የለም። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ የሚገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ከልክሏል ወይም ገድቧል።

አላማረኝም ብሎ ማስጠፋትም ቀላል አይደለም። በሮዝና በፈዛዛ ቀለሞች ውስጥ የሚገቡት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና የብረት ኦክሳይድ ሌዘር ሲያርፍባቸው ወዲያው ሊጠቁሩ ይችላሉ። ንቅሳትን እንደ ሊፒስቲክ የሚያስቡ ሰዎች ከሁሉ በፊት ይህን ሊያውቁ ይገባል።

የምርጫው ቅደም ተከተል

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ጥቁረቱ በኋላ የመጣ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ቀጥሎ መነሻው ይወገድ፦ ሲጋራው ይቁም፣ ያልተስማማው ሊፒስቲክ ይቀየር፣ ከንፈር በቫዝሊን ይለስልስ፣ ከፀሐይም መከላከያ ባለው ቅባት ይጠበቅ። ይህ ለጥቂት ወራት ተሞክሮ ካልበቃ በሐኪም የታዘዘ ክሬም ይከተላል። ሌዘር ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በጥቁር ቆዳ ላይ በሠራ ባለሙያ እጅ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ። ንቅሳት የመጨረሻው ይሁን፤ መነሻውን አያክምምና።

ነቃሽ ዘንድ የሚሄድ ሰው አራት ነገር ይጠይቅ፦ መርፌው በፊቴ ከእሽጉ ይከፈታል ወይ? የቀለሙ ይዘት የት ተጽፏል? እንደኔ በጠቆረ ከንፈር ላይ የሠራኸውንና ከዳነ በኋላ የተነሳውን ፎቶ ታሳየኛለህ ወይ? ችግር ቢመጣ የትኛው ሐኪም ያየኛል? ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ትቆይ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ጠባሳው የሚያብጥበትና ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰውም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምር።

ጤነኛ ሆኖ የጠቆረ ከንፈር ምንም ጉድለት የለበትም። ለመለወጥ የወሰነ ሰው መብቱ ነው፤ ብቻ የማይመለሰውን ከሚመለሰው አያስቀድም።