ሽንት ቤቱ አልወስድ ሲል

ፍላሹ ይጫናል፤ ውሃው ድምፁን እያሰማ ይወርዳል፤ መውሰድ የነበረበትን ግን ሳይወስድ ዞር ዞር ብሎ ይቀራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚወቅሰው የውሃ መስመሩን ነው፤ «ግፊት የለውም» ይላል። ባለ ታንክ ሽንት ቤት ላይ ግን ይህ ወቀሳ አያስኬድም። ከመስመር ወይም ከሮቶ የሚመጣው ውሃ ሥራው ታንኩን መሙላት ብቻ ነው። መስመሩ ደካማ ከሆነ ታንኩ ቶሎ አይሞላም እንጂ፣ አንዴ ከሞላ በኋላ የሚለቀቀው ውሃ ጉልበቱን የሚያገኘው ከመሬት ስበት ነው።

ሰበቃን ካልቆጠርን፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃ ታች ሲደርስ በሰከንድ 2.8 ሜትር ያህል ይፈጥናል። ከ2 ሜትር ላይ ቢለቀቅ ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ6 ሜትር ይበልጣል። የድሮ ታንኮች ጣሪያ ሥር ተሰቅለው በሰንሰለት ይሳቡ የነበረው ለዚህ ነው። የዛሬዎቹ ዝቅ በማለታቸው ያጡትን ፍጥነት የሚያካክሱት በሰፊ መውጫና በመቀመጫው ቅርጽ ነው።

ከመቀመጫው ሥር ያለው መተላለፊያ በቀጥታ ወደ ታች አይወርድም፤ መጀመሪያ ወደ ላይ ይታጠፍና ከዚያ ይወርዳል። በእጥፋቱ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው ውሃ የፍሳሹ ጠረን ወደ ቤት እንዳይገባ ያግዳል። ይህን ዓይነቱን እጥፋት በ1775 ለንደን ውስጥ በፓተንት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ውሃ በቀስታ ሲገባ የእጥፋቱን አናት እያለፈ ይፈስሳል፤ ቆሻሻው ግን ባለበት ይቆያል። ተንዶ ሲገባ ነው ጠራርጎ የሚወስደው። በአውሮፓ በተለመደው መቀመጫ ሥራውን የሚሠራው ይኸው ግፊያ ነው። በአሜሪካ የተለመደው ደግሞ መተላለፊያው ጠበብ ያለ ስለሆነ ውሃው ጥቅጥቅ አድርጎ ይሞላዋል፤ ፊት የወረደው የኋላውን ይስባል፤ በጎማ ቱቦ ከበርሜል ናፍጣ ሲቀዳ እንደሚሆነው ማለት ነው። በሁለቱም ዓይነት በቂ ውሃ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መግባት አለበት።

የባልዲው ፈተና

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ ችግሩ ውሃው በሚገባበት በኩል ነው ወይስ በሚወጣበት? ይህን ለመለየት ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ በባልዲ ይያዙና ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ መቀመጫው ውስጥ ይድፉት። ውሃው አፍ እስከ ገደፉ ደርሶ ቆሞ ከሆነ ግን ዝቅ እስኪል መጠበቅ ይሻላል። የተደፋው ውሃ ጠራርጎ ከወሰደ ቧንቧው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የታንኩ ነው። ውሃው ከፍ ብሎ እየተንቀራፈፈ ከወረደ ደግሞ ታንኩን መነካካት አያስፈልግም፤ መንገዱ ላይ የተቀረቀረ ነገር አለ።

ታንኩ ሲጠረጠር

ክዳኑን አንስተው ውሃው የቱ ጋ እንደቆመ ይመልከቱ። በአብዛኞቹ ታንኮች ውስጥ የውሃው ልክ የት መድረስ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ከሌለ ከትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ አፍ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ የተንሳፋፊውን ብሎን በማዞር ከፍ ማድረግ ይቻላል። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ታንኩ ውስጥ የተቀመጠ የፕላስቲክ ጠርሙስም ካለ ይውጣ። ቁልፉ ሁለት ከሆነ ትንሹ ለሽንት ብቻ የታሰበ ነው፤ የሚለቀው 3 ሊትር ያህል ነው። ትልቁ 6 ሊትር ያህል ይለቃል።

ታንኩ ሞልቶም ፍላሹ ከደከመ የታችኛውን ጎማ ይፈትሹ። ሰንሰለቱ ረግቦ ከሆነ ጎማው በደንብ ሳይነሳ ይከደናል። ጎማው ካረጀ ደግሞ ውሃው ሳይታወቅ እየሾለከ ያልቃል። ታንኩ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምረው ግማሽ ሰዓት ሳይነኩት ቢቆዩ፣ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ጎማው ያፈሳል ማለት ነው።

ሌላው ተጠርጣሪ በመቀመጫው ከንፈር ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ታገኛለች። የከርሰ ምድር ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከግድብ ውሃ የበለጠ ካልሲየም ይይዛል፤ ይህም ከጊዜ በኋላ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። መፍትሔው አሲድ ነው፤ አቼቶ ካልሲየም ካርቦኔቱን ያሟሟዋል። ታንኩን ባዶ አድርገው ለብ ያለ አቼቶ በትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ በኩል ይጨምሩና ሌሊቱን ካደረ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉ። በረኪና ግን በፍጹም አብሮ አይጨመር። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ጠባብና መስኮት አልባ በሆነ መታጠቢያ ቤት ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

ቧንቧው ሲጠረጠር

እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ ካለ ሥራውን የሚሠራው ውሃው መሆኑን ያስታውሱ። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን በእጅ ጉልበት አይታመቅም። ስለዚህ ጎማው በውሃ መሸፈን አለበት፤ የመጀመሪያው ግፊት ዝግ ያለ ይሁን፣ ሲስቡ ግን ጠንከር ያድርጉ። ብዙውን ጊዜ የተቀረቀረውን ነቅንቆ የሚያስለቅቀው ስበቱ ነው። ፈሳሽ ሳሙናና ሞቅ ያለ ውሃ ያግዛሉ፤ የፈላ ውሃ ግን ሸክላውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሶፍት ውሃ ሲነካው ይበታተናል፤ እርጥብ የሕፃናት መጥረጊያ፣ ሞዴስና ዳይፐር ግን ውሃ ውስጥም እንዳይበጣጠሱ ሆነው ስለተሠሩ እጥፋቱ ላይ ይጠመጠማሉ። ቦታቸው የቆሻሻ ቅርጫት ነው።

መግፊያው ካልረዳ የወለሉን ፍሳሽ ማውረጃ ይመልከቱ። እሱም ከዘገየ እንቅፋቱ ከሽንት ቤቱ አልፏል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ ፎቅ ውሃ ሲለቀቅ የእርስዎ መቀመጫ የሚንቦጫረቅ ከሆነ የአየር ማስተንፈሻው ቧንቧ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ የሚወርደው ውሃ አየር ስለሚያጣ ከእርስዎ እጥፋት ይስባል። ግቢ ባለው ቤት ደግሞ ማንሆሉ ይነግርዎታል። ክዳኑ ሲነሳ ደረቅ ከሆነ መደፈኑ በቤቱና በማንሆሉ መካከል ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። ሞልቶ ከተገኘ ከዚያ ያለው መስመር ተደፍኗል ወይም ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል፤ የሞላ ታንክ የመምጠጫ መኪና ያስፈልገዋል። በምንም ምክንያት ግን ሰው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ አይጥረግ፤ ሌላውንም አያስወርድ። እዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በርከት ሲል የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሰውየው አደጋውን ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይሞታል።