ዲስክ ወይስ ዳውንሎድ? ለጌም ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት

ለዝግጅት ክፍላችን የደረሰው ጥያቄ አጭር ነው። ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 5 ሊገዙ አስበዋል፤ ሻጩም ሁለት ዓይነት አቅርቦላቸዋል። አንደኛው ዲስክ የሚጎርስ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ማስገቢያ የሌለው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ብቻ የሚያወርድ ሲሆን በዋጋው ረከስ ይላል። «የትኛውን እንግዛ?» ይላሉ ጠያቂዎቻችን። በአንድ ቃል መመለስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ያ ገንዘብ የስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ ስለምናውቅ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዲስክ ምን እንደሆነ እንመልከት። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በ1994 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ጌሙ የሚመጣው በሲዲ ነበር፤ አንድ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ሲጠቀም የአንዱ ንብርብር መጠን ወደ 4.7 ጊጋባይት አደገ። በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 ብሉሬይ የተባለውን ዲስክ ይዞ መጣ፤ እርሱም 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይይዛል። የ2020ው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ እስከ 100 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ያነባል።

የሚገርመው ዲስኮቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ስፋታቸው አንድ ነው፤ ሁሉም 12 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ ያለው በሚያነባቸው ብርሃን ላይ ነው። ሲዲን የሚያነበው ጨረር ዓይናችን የማያየው፣ የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር የሆነ ነው። የዲቪዲው ቀይ ሲሆን 650 ናኖሜትር ነው፤ የብሉሬዩ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ፣ 405 ናኖሜትር ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሞገድ የተማራችሁ ምክንያቱን ሳትገምቱ አትቀሩም። የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ጨረሩን ይበልጥ ማጥበብ ይቻላል፤ ስለዚህ በዲስኩ ላይ የሚቀረጹት ነጥቦችም ትንንሽና የተቀራረቡ ይሆናሉ። በዚያው ስፋት ላይ ብዙ ተጻፈ ማለት ነው።

አያያዙም በዚሁ መሠረት ይለያያል። በሲዲ ላይ መረጃው የሚገኘው ሥዕሉና ጽሑፉ ካለበት ገጽ ሥር፣ በስስ ቅብ ብቻ ተሸፍኖ ነው። ስለዚህ ሲዲን የሚገድለው ብዙዎች እንደሚያስቡት የሚያብለጨልጨው ጎን መጫጫሩ ብቻ አይደለም፤ ከላይ በእስክሪብቶ መጻፍም ሊያበላሸው ይችላል። በዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ይቀመጣል። በብሉሬይ ላይ ግን ከሚነበበው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎቹ ጠንካራ መከላከያ ይቀቡታል። አቧራ ሲነካው ለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው። እየዞሩ መጥረግ አይገባም፤ መረጃው የተጻፈው በዙሪያው ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ የሚወጣ ጭረት የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ አበባ ያደጉ ታላላቆቻችን የሚያስታውሷቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ በጨዋታ ሒሳብ እየተከፈለ ወረፋ የሚጠበቅባቸው፣ በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ማሽኑ ጌሙን በቀጥታ ከዲስኩ ላይ እያነበበ ያጫውት ነበር። (ብዙዎቹ ቺፕ ተገጥሞላቸው የተቀዳ ዲስክ ያነብቡ እንደነበር የምናውቀው ነው። በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ በቤት የተቀዳ ዲስክ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ የሚያቀርብላችሁን ሰው በትሕትና አሰናብቱት።) ከ2013ቱ ፕሌይስቴሽን 4 ወዲህ ግን አሠራሩ ተለውጧል። ዲስኩ ሲገባ ጌሙ ወደ ማሽኑ ማስቀመጫ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫወተው ከማስቀመጫው ነው። ዲስኩ የሚፈለገው እንደ ቁልፍ ነው፤ ካልገባ በሩ አይከፈትም። ስለዚህ «ዲስክ ከገዛን ቦታ እንቆጥባለን» የሚለው አስተሳሰብ አይሠራም። በሁለቱም መንገድ የሚሞላው ቦታ ያው ነው።

ታዲያ ሁለቱም ወደ አንድ ማስቀመጫ የሚገቡ ከሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ ላይ ነው። ዲስክ ዕቃ ነው። ትሸጡታላችሁ፣ ታውሱታላችሁ፣ ለወንድማችሁ ትተዉለታላችሁ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ከአንድ መጽሐፍ ዋጋ ጋር በተያያዘ ክርክር ላይ አሳታሚው አንድ ጊዜ ከሸጠው በኋላ የሚቀጥለውን ሽያጭ ሊቆጣጠር እንደማይችል ወስኗል፤ የዲስክ ዳግም ሽያጭም የቆመው በዚሁ መርህ ላይ ነው። ዳውንሎድ ሲሆን ግን የገዛችሁት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚመዘገበው በአንድ አካውንት ስም ነው፤ አይሸጥም፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። በካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ «ግዛ» የሚል ቃል የሚጠቀሙ ዲጂታል መደብሮች ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ነገሩ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ሕግ ማውጣት ባላስፈለገ ነበር።

በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ በዲስክ የተገዛ ጌም እንኳ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር እየተገናኘ እንዲረጋገጥ፣ ያገለገሉ ጌሞች ሽያጭም ገደብ እንዲኖረው አቅዶ ነበር። ቁጣው ቀላል አልነበረም። ተፎካካሪው ሶኒ በዚያው ሰሞን አንድ አጭር ፊልም አወጣ፤ በፊልሙ ላይ ጌም የማዋስ ዘዴ ተብሎ የታየው አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው እጅ በእጅ ሲያቀብለው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ማይክሮሶፍትም በሰኔ ወር ሐሳቡን ተወ። ይሁን እንጂ ያኔ የሳቀው ሶኒ ራሱ በ2024 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ፣ ሲወጣ ዋጋው 700 ዶላር የነበረ ሆኖ ሳለ፣ ዲስክ ማንበቢያ አብሮት አይመጣም፤ ለብቻው መግዛት ነው።

መደብሮችም ይዘጋሉ። የኔንቴንዶ ዊ መደብር በጥር 2019 ተዘጋ፤ የስሪ ዲ ኤስና የዊ ዩ ሽያጭ በመጋቢት 2023 ቆመ፤ የኤክስቦክስ 360 መደብር በሐምሌ 2024 ተዘጋ። ወደ እናንተ ቀረብ ያለ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ፊፋ አለ። አዘጋጁ ኩባንያ ከፊፋ ጋር የነበረው ውል ስላበቃ ጌሙ ከ2023 ጀምሮ በሌላ ስም ይወጣል፤ የቀድሞዎቹም በዚያው ዓመት ከዲጂታል መደብሮች ተነሥተዋል። የፊፋ 23 ዲስክ ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። እንዲያውም የእግር ኳስ ጌም በየዓመቱ አዲስ ስለሚወጣ የአምናው ዲስክ ዋጋ በጣም ይወርዳል፤ ለተጫዋቾቹ ዝውውር ግድ ለሌለው ሰው ጥሩ ገበያ ነው።

ይህን ስንል ግን ዲስክ የያዘ ሁሉ ተማምኖ ይተኛ ማለታችን አይደለም። በ2014 የወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ነበር፤ ኩባንያው በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሰርቨሩን ሲዘጋው ዲስክ የገዛውም ያወረደውም እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ2025 ለወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ጌሙ በውስጣቸው የለም። ቁልፍ ብቻ ናቸው፤ ጌሙ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ዲስክ ስትገዙ በሽፋኑ ላይ «ኢንተርኔት ያስፈልጋል» ወይም «ዳውንሎድ ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ መምህራችሁን ጠይቁ፤ ለዚህ የሚቆጣ መምህር የለም።

እስከ አሁን ያልነው በማንኛውም አገር ያለውን ሰው የሚመለከት ነው። በካምፕ ውስጥ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ጌም 50 ጊጋባይት ነው እንበል። ይህ 400,000 ሜጋቢት ማለት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር ያለማቋረጥ ቢሠራ 11 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 200,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ55 ሰዓት በላይ ነው፤ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አልፎ እስከ ሦስተኛው ቀን ይዘልቃል። ጄኔሬተሩ በምሽት ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚሠራበት ሰፈር ስንት ሳምንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። የተቋረጠው ካቆመበት መቀጠሉ እውነት ነው፤ የዳታው ሒሳብ ግን አይቀርም። ለ50 ጊጋባይት የሚከፈለውን የሞባይል ዳታ ዋጋ ከአንድ ያገለገለ ዲስክ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ዲስክ ያለውም ሰው ማስተካከያ ማውረድ ሊኖርበት ይችላል፤ ቢሆንም ከሌሎች ጋር በመስመር ላይ ለመጫወት ካልሆነ በስተቀር ብዙዎቹ ጌሞች ያለ እርሱ ይጀምራሉ።

የአገር ጉዳይም አለ። የፕሌይስቴሽን ዲጂታል መደብር በይፋ ከሚያገለግላቸው የአፍሪካ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ ኢትዮጵያና ኬንያ የሉም። ሰዎች በሌላ አገር ስም አካውንት እየከፈቱ ይጠቀማሉ፤ ሆኖም ይህ ከኩባንያው ደንብ ውጭ ስለሆነ አካውንቱ ሲዘጋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ዋሺንግተን ያለች እኅታችሁ የስጦታ ካርድ ቁጥር በስልክ ብትልክላችሁ በደቂቃ ይደርሳችኋል፤ ቁጥሩ ግን የሚሠራው በአሜሪካ ስም በተከፈተ አካውንት ላይ ብቻ ነው። ከሪያድ በሰው እጅ የተላከ የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ቢዘገይም ከየትኛውም አገር በተገዛ ማሽን ላይ ይነበባል።

ለዳውንሎድ የሚቆም ነገር የለም ወይ? አለ፤ እንዲያውም ለስደተኛ ከባድ ሚዛን ያለው አንድ ነገር አለ። ዲስክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ጓዝ ይሆናል። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ሰው ሻንጣው ተመዝኖ ነው የሚሳፈረው። አካውንት ግን ኪሎ የለውም፤ የትም ሄዶ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ያስታወሰ ሰው የገዛውን ጌም እንደገና ያወርዳል። ነገር ግን አካውንቱ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል የተከፈተ መሆን አለበት። አምስት ልጆች አዋጥተው በአንዱ ስም ከከፈቱት፣ ያ አንዱ በሄደ ቀን ጌሞቹም አብረውት ይሄዳሉ። አምስት ዲስክ ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይደርሰው ነበር።

እንግዲህ ለጠያቂዎቻችን የምንለው፦ ልዩነቱ የተጋነነ ካልሆነ ዲስክ የሚጎርሰውን ግዙ። በ2020 አዲስ ሲወጡ የሁለቱ ዋጋ 499 እና 399 ዶላር ነበር፤ 100 ዶላር መሆኑ ነው። ያንን ልዩነት ዲስክ በመዋዋስና መልሶ በመሸጥ ትመልሱታላችሁ።

ሻጩ «ውስጡ 20 ጌም ተጭኖበታል» ቢላችሁ አትጓጉ። ጌሞቹ ያሉት በእርሱ አካውንት ነው። አንድ አካውንት ጌሞቹን ለማንም ተጠቃሚ ክፍት የሚያደርገው በአንድ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው ሌላ ማሽን ገዝቶ ያንን ፈቃድ ወደዚያ ባዛወረ ቀን የእናንተ 20 ጌም ይቆለፋል። ለእነርሱ ተብሎ የሚጨመር ዋጋ አትክፈሉ። ይልቅ ከጓደኛ አንድ ዲስክ ተውሳችሁ ሂዱና ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት አስገብታችሁ እስኪጫን ጠብቁ፤ የማንበቢያው ድምፅ ከተንቋቋ ወይም ዲስኩን መልሶ ከተፋው ተዉት።

ዲስክ የማይጎርሰውን ብትመርጡ ደግሞ ዓይነቱን ለዩ። በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጠን ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ማንበቢያው ለብቻው ተሸጦ በኋላ ሊገጠምለት ይችላል፤ አዲሱ ማንበቢያ ሲወጣ ዋጋው 80 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሲገጠም ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። የ2020ው ዲስክ አልባ ግን ምንም አይገጠምለትም። መለያው ቀላል ነው፤ የአሮጌው ነጭ ሽፋን በእያንዳንዱ ጎን አንድ ወጥ ሲሆን፣ የአዲሱ በየጎኑ ከሁለት የተከፈለ ነው።