የዶርሙን አየር የምትለካ ሳህን

የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ ተደራራቢ አልጋዎች መሀል፣ ክዳኗ ተነሥቶ ወንበር ላይ የተቀመጠች ስስ ክብ ሳህን ካያችሁ አትንኳት፤ ሥራ ላይ ናት። ፔትሪ ዲሽ ትባላለች። ስሟ የመጣው የሮበርት ኮህ ረዳት ከነበረውና በ1887 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቃት ጀርመናዊው ዩሊየስ ፔትሪ ነው።

ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር ብዙ ጊዜ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። ውስጧ የረጋው አጋር የሚባል ነገር ከባሕር አረም የሚወጣ ሲሆን የባክቴሪያ ምግብ ተቀላቅሎበታል፤ አንዳንዴም የበግ ደም ይጨመርበታል። ባለሙያው ከወለሉም ከግድግዳውም 1 ሜትር ያህል አርቆ ለ1 ሰዓት ክፍት ይተዋታል። አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ የተሸከመውን ይዞ ያርፍባታል። ከዚያ ተከድና፣ ተገልብጣ፣ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ታድራለች። የምትገለበጠው ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ላብ ተንጠባጥቦ የበቀለውን እንዳያቀላቅለው ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ በዓይን የማይታየው ተራብቶ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ኮሎኒ ይሉታል።

ቀሪው ሂሳብ ነው። ሩሲያዊው ኦሜሊያንስኪ ባወጣው ቀመር መሠረት በ5 ደቂቃ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ የሚያርፈው 10 ሊትር አየር ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ስለዚህ በዚያች ሳህን ላይ በአንድ ሰዓት 50 ኮሎኒ ከበቀለ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 650 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ግምት ነው፤ ግን ርካሽ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ዶርሞችም በዚሁ መንገድ ተለክተዋል።

እዚያ ላይ የሚበቅለው ማነው? ቢጫው ብዙ ጊዜ ማይክሮኮከስ፣ ነጩ ስታፊሎኮከስ ነው፤ ሁለቱም ከቆዳችን የሚረግፉ ናቸው። ጠርዙ የተንዘረፈፈው ደረቅ ኮሎኒ ደግሞ ባሲለስ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ በጫማ ከግቢው አፈር ጋር ይገባል። ጠዋት ብርድ ልብስ ሲራገፍ ወይም ወለሉ በደረቁ ሲጠረግ የተቀመጠች ሳህን ተማሪዎቹ ክላስ ሄደው ክፍሉ ጸጥ ሲል ከተቀመጠችው ይልቅ ትሞላለች። ደጅ ሲጠርጉ መጀመሪያ ውሃ የሚያርከፈክፉ እናቶች ይህን ለማወቅ ሳህን አላስፈለጋቸውም።

ሳህኗን ግን ከልክ በላይ ማመን ደግ አይደለም። የበቀለው ብዙው ጤነኛ ሰው የማይጎዳ ነው፤ የሚያሰጋው ደግሞ ላይበቅልባት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የራሱን ምግብና ሳምንታት ይፈልጋል፤ የሚያጓጉዙት ጥቃቅን ቅንጣቶችም ለሰዓታት ስለሚንሳፈፉ እሷ ላይ ለማረፍ አይቸኩሉም። ስለዚህ ንጹሕ ሳህን ለክፍሉ የጤና ምስክር ወረቀት አይደለችም።

የክፍሉ አየር መታደስ አለመታደሱን ለማወቅ የሚሻለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው። ደጅ ባለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚሊዮን 420 ገደማ ነው። ብዙ ሰው መስኮት ዘግቶ ያደረበት ክፍል ከ1,000 በቀላሉ ያልፋል፤ ያ ማለት እያንዳንዱ ከጓደኛው ሳንባ የወጣውን መልሶ እየሳበ ነው። በርና መስኮት ባንድ ላይ ሲከፈቱ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል። ችግሩ መስኮቱ ሥር የሚተኛው ልጅ «ብርድ ይመታኛል» ማለቱ ነው፤ በክረምት ደግሞ እውነቱን ነው።