የብልሽት ዛፍ
የብልሽት ዛፍ የመኪናን ወይም የአውሮፕላንን መቆጣጠሪያ ሥርዓት አስተማማኝነት ገና በንድፍ ደረጃ ለመመርመር የሚያገለግል የሞዴል ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪዎች ለሚኒትማን ሚሳይል ተዘጋጀ።

ሥራው ከመጨረሻው አደጋ ይጀምራል፤ ለምሳሌ «ፍሬን እምቢ አለ» ከሚለው። ከዚያ ምክንያቶቹ ወደ ታች በ«እና» ወይም በ«ወይም» ይያያዛሉ። የፍሬን ዘይት በሁለት መስመር ስለሚሄድ፣ አንደኛው ቢያፈስ ሌላው መኪናውን ያቆማል። እያንዳንዱ መስመር ከሺህ አንድ ጊዜ ይበላሻል ቢባል፣ ሁለቱ አብረው የሚበላሹት ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው። ስሌቱ የሚያዘው ግን ብልሽቶቹ የጋራ መነሻ ከሌላቸው ብቻ ነው። በረጅም ቁልቁለት ዘይቱ ግሎ ከፈላ ሁለቱም መስመሮች አብረው ይከዳሉ። ብዙ ዛፎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ብቻውን እስከ ዛፉ አናት የሚደርስ ብልሽት ነው። የቦይንግ 737 ማክስ «ኤምካስ» የተባለው ሥርዓት፣ አብራሪዎች ስህተቱን ወዲያው ያርሙታል በሚል ግምት፣ በአንድ ሴንሰር ንባብ ብቻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ባለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ፣ ሥርዓቱን ደጋግሞ ያስነሣው የዚሁ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ነበር። የተሻሻለው ሶፍትዌር ሁለት ሴንሰሮችን ያነጻጽራል፤ ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ካለፈ ኤምካስ ሥራ አይጀምርም።