ከሻሪፍ ዩኒቨርሲቲ እስከ ሳን ሲሮ፦ ኢንጂነሩ አጥቂ ዓሊ ዳኢ



ባለፈው ሰሞን ከኢሻ ሶላት በኋላ ዶርም ውስጥ የተለመደው የኳስ ክርክር ተነሳ። ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ግብ ያስቆጠረ ተጫዋች ማነው? ሁሉም በአንድ ድምፅ ሮናልዶ አለ። «ከሮናልዶ በፊትስ ክብረ ወሰኑ የማን ነበር?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ ፔሌ አለ፣ ሌላው ማራዶና። ትክክለኛውን መልስ ያወቀ አልነበረም። ክብረ ወሰኑን ለዓመታት ይዞ የቆየው ዓሊ ዳኢ የሚባል ኢራናዊ ነው፤ ያውም እንደ እኛው በኢንጂነሪንግ ትምህርት ላቡን ያፈሰሰ ሰው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ክርክሩ ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ለብቻዬ ጠርቶኝ ዊዝድሮው ሊሞላ እንዳሰበ ነገረኝ። በዲፓርትመንቶች ውድድር ሲጫወት ያየው ሁሉ የሚያደንቀው ልጅ ነው። ትምህርቱን ትቶ በአንድ ክለብ ዕድሉን መሞከር ይፈልጋል። «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። ወዲያው የምመልስለት አልነበረኝም። የዳኢን ታሪክ ግን ነገርኩት፤ እነሆ ለእናንተም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዲግሪው

ዓሊ ዳኢ በ1969 በሰሜን ምዕራብ ኢራን በምትገኘው በአርደቢል ከተማ ተወለደ። ወገኑ ከአዘሪዎች ነው፤ በቤቱ የሚነገረው ከፋርስኛ ይልቅ ወደ ቱርክኛ የሚቀርበው አዘርኛ ነው። ኳስን በአርደቢል ጀመረ፤ ወደ ቴህራን የሄደው ግን ለትምህርት ጭምር ነው። የአገሪቱን ከባድ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አልፎ ሻሪፍ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ሻሪፍ ማለት ለኢራን ተማሪዎች ምን እንደሆነ ለመረዳት ይህን ብቻ ማወቅ ይበቃል፦ በ2014 በሒሳብ ዘርፍ ታላቁን የፊልድስ ሜዳሊያ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት መርየም ሚርዛኻኒ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው እዚያ ነው። ዳኢ በዚህ ተቋም የማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ ተምሯል፤ ብረታ ብረት እንዴት እንደሚቀልጥ፣ እንደሚጠነክርና እንደሚሰበር የሚያጠናው ዘርፍ ነው። ይህን ኮርስ የወሰዳችሁ ልጆች «ፌዝ ዳያግራም» ሲባል ራሳችሁን እንደሚያማችሁ አውቃለሁ። ዳኢ በቴህራን ቆይታው በከተማዋ ክለቦች ይጫወት ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ የባንክ ቡድኑ ቴጃራት ነው። ዲግሪውንም ይዞ ወጣ።

በ1993 ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ 24 ዓመቱ ነበር። በ1994 ከአገሪቱ ሁለት ታላላቅ ክለቦች አንዱ ወደሆነው ፐርሴፖሊስ ተዛወረ። ልብ በሉ፦ ዛሬ አንድ አጥቂ በ24 ዓመቱ ስሙ ካልተጠራ «አበቃለት» እንላለን።

በሩ የተከፈተበት ጨዋታ

የአውሮፓ ክለቦችን ዓይን የሳበው የ1996 የእስያ ዋንጫ ነው። በሩብ ፍጻሜው ኢራን ከደቡብ ኮሪያ ጋር ተገናኘች። በእረፍት ሰዓት ኮሪያ 2 ለ 1 ትመራ ነበር። ከእረፍት መልስ ዳኢ ብቻውን አራት ግቦች አስቆጠረና ጨዋታው 6 ለ 2 ተጠናቀቀ። የውድድሩም ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ92 ነው፤ ዋናው መሣሪያው በጭንቅላት መግጨት ነበር። ብዙ የሚያብለጨልጭ ተጫዋች አልነበረም፤ ኳሱ የሚወድቅበትን ቦታ ግን ከተከላካዩ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

በኳታሩ አል ሳድ ትንሽ ከቆየ በኋላ በ1997 ክረምት ከአገሩ ልጅ ከከሪም ባቄሪ ጋር ጀርመን ገባ፤ ክለቡ አርሚኒያ ቢለፌልድ። ዕድሜው 28 ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ሜልቦርን ላይ ኢራን ከአውስትራሊያ ጋር 2 ለ 2 ተለያይታ ከ20 ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ ለሁለተኛዋ ግብ ኳሱን ለኾዳዳድ አዚዚ ያቀበለው ዳኢ ነው። ቢለፌልድ ግን በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ከሊጉ ወረደ።

የሚወርድ ቡድን ውስጥ የተጫወተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይረሳል። ዳኢን ግን የገዛው የአገሪቱ ትልቁ ክለብ ባየርን ሙኒክ ሆነ።

ከተቀያሪ ወንበር የሚገኝ ትምህርት

በእኔ ግምት የታሪኩ ዋና ክፍል ይህ ነው። ዳኢ ለባየርን በ1998/99 ሊጉን አነሳ፤ በሻምፒዮንስ ሊግ ከተሰለፉ የመጀመሪያዎቹ እስያውያን አንዱም ሆነ። ሆኖም በአብዛኛው ተቀያሪ ነበር። ግንቦት 26 ቀን 1999 ባርሴሎና ላይ ባየርን ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር የፍጻሜ ጨዋታ ሲያደርግ ዳኢ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ባየርን 1 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት ሁለት ግብ ተቆጥሮበት ዋንጫውን አጣ። ዳኢ ያን ሁሉ ከጎን ሆኖ ተመለከተ።

ከዚያስ? ስሙ ትልቅ በሆነ ክለብ ወንበር ማሞቅን አልመረጠም። ወደ ሄርታ በርሊን ሄደ፤ በስም ከባየርን የሚያንስ፣ ነገር ግን የሚጫወትበት ክለብ። ወራት ሳይሞላ፣ በመስከረም 1999፣ ሄርታ በሻምፒዮንስ ሊግ ቼልሲን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው እሱ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ሚላን ከተማ በሳን ሲሮ ስታዲየም ከኤሲ ሚላን ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ የሄርታ ግብ የእሱ ነበረች። በዚያው ዓመት የእስያ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

እውነቱን ለመናገር፣ በጀርመን ሊግ ያስቆጠራቸው ግቦች ብዙ አይደሉም። በበርሊን ሦስት የውድድር ዓመታት በሊጉ ያገባው 6 ብቻ ነው። በ2002 ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ቀጥሎም ወደ አገሩ ተመለሰ። በግብ ብዛት ብቻ ብንለካው የውጭ አገር ቆይታው መካከለኛ ነው። ሆኖም እሱና ጓደኞቹ በከፈቱት በር ብዙዎች ገቡ፦ መህዲ መህዳቪኪያ ለሐምቡርግ ዓመታት ተጫወተ፤ ዓሊ ከሪሚ ባየርን ደረሰ፤ ዓሊሬዛ ጃሃንባኽሽ በ2017/18 በኔዘርላንድ ሊግ 21 ግብ አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ መህዲ ታሬሚ በፖርቶ ነግሦ ወደ ኢንተር ሚላን ተሻገረ።

109

ለብሔራዊ ቡድን ግን ማግባቱን አላቆመም። በ2003 የሃንጋሪውን ፑሽካሽን 84 ግብ አለፈ። በኅዳር 2004 ላኦስ ላይ አራት ግብ አስቆጥሮ በወንዶች እግር ኳስ 100 የብሔራዊ ቡድን ግብ የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሲያቆም ቁጥሩ 109 ተብሎ ተመዘገበ፤ በኋላ አንዱን ቀንሰው 108 የሚሉም አሉ።

የሚተቹት «ብዙዎቹ በደካማ ቡድኖች ላይ የተገኙ ናቸው» ይላሉ። ትችቱ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። በሁለት የዓለም ዋንጫዎች፣ በ1998ና በ2006፣ ተጫውቶ አንድም ግብ አላገባም። በ2006 ደግሞ 37 ዓመቱ ሆኖ መሰለፉ በአገሩ ብዙ ወቀሳ አስነስቶበታል። ቢሆንም በየማጣሪያው፣ በየሩቅ ሜዳው እየተገኘ 13 ዓመት ሥራውን የሠራ ሌላ አጥቂ እስኪመጣ ድረስ 15 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። መስከረም 1 ቀን 2021 ሮናልዶ አየርላንድ ላይ ሁለት ግብ አግብቶ ሲያልፈው ዳኢ ሳያቅማማ እንኳን ደስ አለህ አለው። ሐሰድ የሚባለውን የልብ በሽታ የምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን።

በ2017 በከርማንሻህ አውራጃ መጠኑ 7.3 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ፣ ዳኢ ለተጎጂዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ሕዝቡም ገንዘቡን በእሱ እጅ አኖረ። አማና ማለት ይህ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያምንህ ግብ ስላገባህ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ለእኛስ?

ለዚያ ወንድማችን «ዳኢ ተምሮ ነው የተጫወተው፣ አንተም ተማር» ብዬ ነገሩን መዝጋት እችል ነበር። ግን ሐቀኛ አይሆንም። ዛሬ ክለቦች ልጆችን በአሥራዎቹ ዕድሜ ይመለምላሉ፤ የዳኢ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። ይልቅ ሦስት ነገር ነገርኩት።

አንደኛ፣ ዳኢ ከሁለቱ አንዱን ለማምለጫ አልተጠቀመበትም። እኛ ብዙ ጊዜ ሚድ ሲከብደን ነው ኳስ የሚናፍቀን። ሰው አንድን ነገር ወዶ ሲሄድና ከሌላው ሸሽቶ ሲሄድ ይለያል፤ ኒያችንን እዚህ ላይ እንመርምር።

ሁለተኛ፣ ዲግሪው ከእግሩ በታች ያለ መሬት ነበር። ጉልበት አንድ ቀን ይሰበራል፤ ማቴሪያልስ የተማረ ሰው የማይሰበር ብረት እንደሌለ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ኡስታዞቻችን ኢትቃን እያሉ የሚያስተምሩን፣ ሥራን አጥርቶ መሥራት፣ ላኦስ ላይም ሳን ሲሮም እኩል ነው። ማንም በማያይህ የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ካልተለማመድከው ሰው በሞላበት ስታዲየም አታገኘውም።

ልጁ ሰምቶኝ ዝም አለ። ከዚያ «ኢስቲኻራ እሰግዳለሁ» አለኝና ተለያየን። ፎርሙን እስካሁን አላስገባም፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ልምምዱንም አልተወም። ምርጫው የእሱ ነው። አላህ ኸይሩን ይምረጥለት፤ ለሁላችንም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።