የሶሬቅ እሳት በምን ዕቃ ተቀመጠ?



በገዴራ የምትኖር አንዲት እናት በቅርቡ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እህቴ፣ በያቭኔ አጠገብ የአቶም እሳት አለ ይላሉ። የያዘው ዕቃ ምንድን ነው? ቢቀልጥስ?» ጥያቄዋ የባለሙያ ነው። እንጀራ የጋገረች ሴት ለየትኛው እሳት የትኛው ዕቃ እንደሚስማማ ታውቃለችና።

የናሐል ሶሬቅ ሪአክተር አሜሪካ «አቶም ለሰላም» በተባለው ፕሮግራም የሰጠችው ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው በጁን 1960 ነው። ኃይሉ 5 ሜጋዋት ሆኖ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ሳይሆን ለምርምር ነው። ነዳጁ ዩራኒየም ሲሆን፣ በስስ ዝርግ ቅርጽ ተሠርቶ፣ አሉሚኒየም ለብሶ በውሃ ገንዳ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ይህ ልባስ ሦስት ሥራ አለበት። ሙቀቱን ቶሎ ለውሃው ማስተላለፍ፤ ጨረር ያለበት አመድ ወደ ውሃው እንዳይወጣ መዝጋት፤ ኒውትሮን የሚባሉትን ጥቃቅን ቅንጣቶች አለመዋጥ። እሳቱ የሚቀጥለው በእነርሱ ነውና። ብረት ጠንካራ ቢሆንም፣ አቶም ለአቶም ሲነጻጸር ከአሉሚኒየም አሥር እጥፍ ያህል ኒውትሮን ይውጣል። አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይለሰልሳል። የገንዳው ውሃ ግን ሳይፈላ ስለሚሠራ ለዚህ ዓይነቱ ሪአክተር ይበቃል።

ኤሌክትሪክ በሚያመነጩት ብዙዎቹ ሪአክተሮች ውሃው 300 ዲግሪ ያህል ስለሚደርስ የሚመረጠው ዚርኮኒየም ነው። የሚቀልጠው በ1,855 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ኒውትሮንም እምብዛም አይውጥም። በማዕድኑ ውስጥ አብሮት የሚገኘው ሃፍኒየም ግን ኒውትሮን አጥብቆ ስለሚውጥ፣ እንደ እንክርዳድ ተለቅሞ መውጣት አለበት።

ሆኖም ምርጥ ዕቃም ብቻውን አያድንም። በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ ማቀዝቀዣው ቆሞ ውሃው ሲጎድል፣ የጋለው ዚርኮኒየም ከእንፋሎት ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ፈጠረ፤ ሃይድሮጅኑም ሕንጻዎችን አፈነዳ። ድስትም ቢሆን የሚያርረው ውሃው ሲያልቅ ነው።

ለዚያች እናት የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ዕቃው በጥንቃቄ ተመርጧል፤ ዕቃውን የሚጠብቀው ውሃው ነው፤ ውሃውን የሚጠብቀው ደግሞ የተማረ ሰው ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ፊዚካና ኬሚያ ልማር ሲል «ይከብድሃል» አትበሉት። በወላጆች ስብሰባ ቀን መምህሩን ቀርባችሁ ጠይቁለት። ነገ ያን ውሃ ከሚጠብቁት አንዱ የእናንተ ልጅ ይሆን ይሆናል።