ነጻው ፕሮግራም ስንት ያስወጣል?

የድባቴ ሕክምና ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ከተዛወረ ወጪው ይወርዳል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። አሳማኝም ነው፤ ፕሮግራሙ አንዴ ከተሠራ አሥር ሰው ተጠቀመበት አሥር ሺህ፣ የሚጨመረው ወጪ እዚህ ግባ አይባልም። ስህተቱ ያለው አካፋዩ ላይ ነው። ወጪው መካፈል ያለበት የይለፍ ቃል ለተቀበሉት ሳይሆን ለተሻላቸው ሰዎች ነው።

እንግሊዝ ይህን ፈትሻ አይታዋለች። ሕክምናዎችን የሚመዝነው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቢቲንግ ዘ ብሉስ» የተባለውን የሚሸጥ ፕሮግራም ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ ደገፈ። በ2015 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ 691 ሕሙማንን በዕጣ ለሦስት ከፈለ፦ አንዱ ወገን የተለመደውን የሐኪም ክትትል ብቻ፣ ሌላው በዚያ ላይ ቢቲንግ ዘ ብሉስን፣ ሦስተኛው ያለ ክፍያ ይገኝ የነበረውን የአውስትራሊያውን «ሙድጂም» አገኘ። ከአራት ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው በክትትል ብቻ 44 በመቶ፣ በቢቲንግ ዘ ብሉስ 50፣ በሙድጂም 49 ነበሩ። ነጻው እንኳ ከተለመደው ክትትል የበለጠ አዋጪ ሆኖ አልተገኘም! ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቢቲንግ ዘ ብሉስ ስምንት ክፍል አለው፤ ግማሽ ያህሉ ሕሙማን ግን ከሁለተኛው አላለፉም። ከአልጋ መነሳት ዳገት የሆነበት ሰው ብቻውን ተቀምጦ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ እንዲጫን መጠበቅ፣ ሕመሙ የወሰደበትን ጉልበት መልሶ ከእሱ መጠየቅ ነው። ለሕሙማኑ ይደወል ነበር፤ ጥሪው ግን በአብዛኛው የቴክኒክ ችግር ለመፍታትና ለማበረታታት ያህል ነበር።

ከዚህ ተነስቶ «ድሮስ ማሽን ሰው ያድናል?» ማለትም ሌላ ተረት ነው። ያው ቡድን በ2017 ባወጣው ጥናት ሙድጂምን ለ369 ሕሙማን ሰጠ፤ ለከፊሎቹ ብቻ የሠለጠነ ረዳት በስልክ እየደወለ ሕክምናውን አብሯቸው ይከታተል ነበር። በአራተኛው ወር የተደወለላቸው ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ የተጨመረው ሰው ነው።

«ደዋዩም ደመወዝ ይበላል፤ ታዲያ ቁጠባው የቱ ላይ ነው?» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቁጠባው የሚገኘው ትምህርቱንና ልምምዱን ፕሮግራሙ ስለሚሸከም ነው፤ ረዳቱ የሚቀረው አጭር ጥሪ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ከሚያክም ባለሙያ ይልቅ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ይህ ግን ለዘለቄታው ዋስትና አይደለም፤ በ12ኛው ወር፣ ጥሪው ካበቃ ብዙ ወራት በኋላ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠብቦ ነበር።